ደረሰኝ የሌለው ክፍያ፦ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች ጉቦ ሳይሰጡ ጉዳይን ማስፈጸም

ፓስፖርት ለማውጣት፣ ቪዛ ለማራዘም ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ወደ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው ከሌላው ባለጉዳይ የሚለየው ጊዜው በራሱ እጅ ባለመሆኑ ነው። የንግድ ፈቃዱ የዘገየበት ሰው ገንዘብ ሊከስር ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ የዘገየበት ሰው ግን አንዳች ጥፋት ሳይሠራ ቀኑ በማለፉ ብቻ ሕገ ወጥ ነዋሪ ሊባል፣ መቀጫ ሊጣልበት፣ ከሥራው ሊታገድና ሲብስም ከአገር እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል። በየመስኮቱ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚጠየቀው «የሻይ» ገንዘብ ሥር የሚሰደው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው። ገንዘቡን የሚጠይቀው ሠራተኛ ሕግ የማይፈቅደውን ነገር እሰጣለሁ የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ባለጉዳዩ በሕግ የሚገባውን ነገር በቀኑ ማግኘትን ነው።

ስለሆነም ጉቦን የመከላከሉ ሥራ ከግማሽ በላይ የሚያልቀው ወደ ቢሮው ከመግባት በፊት ነው። ክፍያውን በጽሑፍ አውቆ፣ ማመልከቻውን ቀደም ብሎ ጀምሮና ፋይሉን አሟልቶ የቀረበ ሰው ላይ ሰበብ መፈለግ ለጠያቂው አድካሚ ነው፤ ዓይኑን የሚጥለውም በቸኮለውና ባልተዘጋጀው ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ ለዝግጅቱ የሰጠው ለዚህ ነው።

ሕጋዊውን ክፍያ ለይቶ ማወቅ

ከመደበኛው ተመን በላይ ከሚከፍሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚከፍሉት ጉቦ መሆኑን ሳያውቁ ነው። «ክፍያው ይህን ያህል ነው» ሲባሉ የሚያነጻጽሩበት ነገር በእጃቸው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የመሥሪያ ቤቱን የክፍያ ተመን ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ፣ ከኤምባሲው ወይም በሕጋዊ ጋዜጣ ከወጣው ደንብ ማግኘት፣ ማተምና የታተመበትን ቀን ጽፎ ከፋይሉ ጋር መያዝ ነው። ተመኑ የተመሠረተበት ደንብ ቁጥር ካለው ቁጥሩም አብሮ ይጻፍ፤ «እዚህ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው» ብሎ ወረቀት የሚያሳይ ሰው «ጓደኛዬ ያን ያህል አልከፈለም» ከሚል ሰው በእጅጉ የተሻለ ይደመጣል።

በሌላ በኩል ከዋናው ክፍያ በላይ የሚጠየቅ ገንዘብ ሁሉ ጉቦ አይደለም፤ ይህን መለየት ለሠራተኞቹም ፍትሕ ነው። የአስቸኳይ አገልግሎት ክፍያ፣ የጣት አሻራና የፎቶግራፍ ክፍያ፣ የባንክ ኮሚሽን፣ የተፈቀደ የቆይታ ጊዜን በማሳለፍ የሚጣል መቀጫ በብዙ አገሮች ሕጋዊ መሠረት ያላቸው ናቸው። የቪዛ ማመልከቻ ተቀብለው ወደ ኤምባሲ የሚያስተላልፉ የግል ድርጅቶችም ከቪዛው ክፍያ የተለየ የራሳቸው የአገልግሎት ክፍያ አላቸው። እነዚህ ድርጅቶች በተጨማሪ የመልእክት ማሳወቂያ፣ ፓስፖርትን ቤት ድረስ የማድረስ፣ ምቹ በሆነ ክፍል የማስተናገድና የመሳሰሉ አገልግሎቶችን ይሸጣሉ፤ እነዚህ ግን በአብዛኛው የውዴታ ናቸውና «ይህን ባልገዛ ማመልከቻዬ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ ክፍያ ሕጋዊ መሆኑን ለመመዘን ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ይበቃል። ክፍያው በታተመው ተመን ላይ ስሙ ተጠቅሷል ወይ? ገንዘቡ የሚገባው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ወይም ገንዘብ ያዥ ነው ወይስ ወደ ግለሰብ የባንክ ሒሳብና የስልክ ቁጥር? ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ምክንያቱና መጠኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጥበታል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል። በደረሰኝ ረገድ አንድ የተለመደ ማታለያ አለ፤ ትክክለኛው ተመን የተጻፈበት እውነተኛ ደረሰኝ ተሰጥቶ ከዚያ በላይ የተቀበሉት ገንዘብ ሳይመዘገብ ይቀራል። ደረሰኙ ላይ ያለውን አኃዝ መስኮቱ ፊት ቆሞ ከከፈሉት ገንዘብ ጋር ማስተያየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በኢንተርኔት የሚቀርብ ማመልከቻም የራሱ ወጥመድ አለው። የመንግሥትን ገጽ አስመስለው የተሠሩ፣ በፍለጋ ውጤቱ ራስ ላይ እንደ ማስታወቂያ የሚወጡ የግል ድረ ገጾች ለአንድ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ከመንግሥት ክፍያ ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዶቹም ገንዘቡንና የፓስፖርቱን ቅጂ ወስደው ይጠፋሉ። አድራሻውን ከፍለጋ ውጤት ከመውሰድ ይልቅ በአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም ኤምባሲ ገጽ በኩል መግባት ይሻላል።

ስደተኞችን በተመለከተ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚሰጠው አገልግሎት በሙሉ፣ ምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር የማስፈር ሂደት፣ በነጻ ነው፤ ለስም ዝርዝር፣ ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ወይም ለጉዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ማንም ሰው፣ የድርጅቱን ባጅ ያንጠለጠለ እንኳ ቢሆን፣ እየዘረፈ ነው። በ1951 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የስደተኞች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 25 ባለሥልጣናት ለስደተኞች ለሚሰጧቸው ሰነዶች የሚጠየቀው ክፍያ መጠነኛና ለተመሳሳይ አገልግሎት ከዜጎች ከሚጠየቀው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 29 ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ዜጎች ከሚከፍሉት የበለጠ ቀረጥም ሆነ ክፍያ በስደተኞች ላይ እንዳይጣል ይከለክላል፤ ለውጭ አገር ሰዎች ለሚሰጡ የአስተዳደር ሰነዶች የተደነገገውን ክፍያ ግን አይነካም። ኮንቬንሽኑን በፈረመ አገር ያለ ስደተኛ እነዚህን ሁለት አንቀጾች በቁጥራቸው ጠቅሶ መጠየቅ ይችላል።

ቀንና ፋይል

ማመልከቻን ማዘግየት ጠያቂውን መሣሪያ ማስታጠቅ ነው። ፈቃዱ ሊያልቅ ሦስት ቀን የቀረው ሰው «ሲስተም የለም፣ በሳምንቱ ይመለሱ» ሲባል ምርጫ የለውም፤ ሁለት ወር የቀረው ግን ተመልሶ ይመጣል። መሥሪያ ቤቱ የማሳደሻ ማመልከቻ መቀበል የሚጀምርበትን ቀን አጣርቶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስገባት ከሁሉ የሚሻል መከላከያ ነው። በብዙ አገሮች ፈቃዱ ሳያልቅ የገባ የማሳደሻ ማመልከቻ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ የአመልካቹን ሕጋዊነት ያስቀጥላል። በሚኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ድንጋጌ መኖሩን ያጣሩ፤ ካለ የማመልከቻው መቀበያ ማስረጃ ከፈቃዱ የማይተናነስ ዋጋ አለውና ቀንና ማህተም ያለበትን ማስረጃ ሳይዙ ከመስኮቱ አይሂዱ።

ፋይሉን በተመለከተ፣ መሥሪያ ቤቱ ያወጣውን የማሟያ ዝርዝር አትሞ ሰነዶቹን በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ማደራጀት፣ እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር መስጠት፣ የሁሉንም ቅጂ ሁለት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው ቅጂ ከማመልከቻው ጋር ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ መዝገብ ቤቱ የገቢ ማህተም እንዲመታበት ይጠየቃል። ይህ ሁለተኛ ቅጂ «ፋይልዎ ጠፍቷል፣ የሚያፈላልግ ሰው ያስፈልጋል» ለሚባለው ዘዴ ቀጥተኛ መልስ ነው። ጠፋ የተባለው ፋይል ባለማህተም ቅጂ ከጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ መጥፋቱ የባለጉዳዩ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ችግር ይሆናል። ፎቶግራፍ፣ ትርጉምና የሰነድ ማረጋገጫም በዝርዝሩ ላይ በተጻፈው መስፈርት ልክ ይሁኑ፤ የፎቶ መጠን ጉድለት ትንሽ ቢመስልም ለድርድር በር የሚከፍተው እንዲህ ያለው ትንሽ ጉድለት ነው።

ከበር ላይ የሚቆሙት ሰዎች

ከብዙ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ፎርም የሚሞሉ፣ ወረፋ የሚይዙና «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚሉ ደላላዎችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች አይጠፉም። ፎርም መሙላት ለማይችል ሰው በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሞላ ሰው የሚሰጠው አገልግሎት ነውር የለበትም፤ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የኢሚግሬሽን አማካሪም ሙያውን ሸጦ ያድራል። የሚያሳስበው ክፍያውን ሳይዘረዝር በጥቅል ዋጋ የሚዋዋለውና ውጤቱን ዋስትና የሚሰጠው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከሚቀበለው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ገንዘቡ ውስጥ ከደረሰ ባለጉዳዩ ሳያውቀው ጉቦ ሰጪ ሆኗል፤ ካልደረሰ ደግሞ ተጭበርብሯል፤ በሁለቱም መንገድ አቤት የሚልበት ደረሰኝ በእጁ የለም። ከዚህ የከፋው አንዳንዶቹ ሐሰተኛ የባንክ ማስረጃ ወይም የሥራ ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር ማያያዛቸው ነው፤ ሲታወቅ ለዓመታት ከመግባት የሚታገደው ፎርሙ ላይ የፈረመው አመልካች ነው። ስለዚህ አማካሪ የሚቀጥር ሰው የፈቃድ ቁጥሩን ከሚመለከተው አካል ያጣራ፣ የመንግሥት ክፍያና የአማካሪው ክፍያ ተለያይተው የተጻፉበት ውል ይዋዋል፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊትም እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ይፈርም። ባዶ ፎርም ላይ ግን በፍጹም መፈረም አይገባም።

በመስኮቱ ፊት

ጉቦ በስሙ ተጠርቶ የሚጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሠራተኛው ፋይሉን ይገልጣል፣ መልሶ ይዘጋዋል፣ ከጠረጴዛው ዳር ያደርገውና «ይሄ ጉዳይ እኮ ትንሽ ከበድ ይላል» ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ጥያቄው ነው። ሌላው «መፍትሔ አለው፣ እርስዎ እንዴት ያስባሉ?» ይላል፤ ሌላው ፓስፖርቱን እንደያዘ ከወንበሩ ተነሥቶ በኮሪደሩ በኩል እንዲመጡ ይጠቁማል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የባለጉዳዩ ትልቁ ስህተት ዝምታውን በራሱ ገንዘብ መሙላት ነው። «ስንት ልጨምር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሐሳቡን ያቀረበው እሱ ይሆናል፤ በሕግ ዓይንም ጉቦ ማቅረብ እንደ መቀበሉ ሁሉ ወንጀል ነው።

ይልቁን ንግግሩን ወደ ጽሑፍ መመለስ ይጠቅማል። «የጎደለ ሰነድ ካለ የትኛው እንደሆነ ይጻፉልኝ፣ አሟልቼ እመጣለሁ»፤ «ክፍያ ካለው የምከፍልበትን መስኮት ያሳዩኝና ደረሰኙን ይዤ ልመለስ»፤ «ዛሬ የማያልቅ ከሆነ ቀጠሮውን በወረቀቱ ጀርባ ጽፈው ይፈርሙልኝ»። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ማንንም አይከሱም፣ ማንንም አያዋርዱም፤ ሠራተኛው ፊቱ ሳይጠቁር ወደ ሥራው የሚመለስበትን መንገድም ይተዉለታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጠያቂ ሞክሮ ካልሆነለት የሚተው ነው፤ በሰው ፊት ጉቦኛ የተባለ ግን እልህ ይይዘዋል። ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ «ጋዜጠኛ አውቃለሁ» ብሎ ማስፈራራት ወይም የሌለ ባለሥልጣን ዘመድ መጥራት ፋይሉን ከሥር ከማስቀበር የዘለለ ጥቅም የለውም።

ለጽሑፍ እምቢ ከተባለ የቅርብ ኃላፊውን ለማነጋገር በትሕትና መጠየቅ ቀጣዩ እርምጃ ነው። የሠራተኛውን ስም ወይም የባጅ ቁጥር፣ የመስኮቱን ቁጥርና ሰዓቱን ከቢሮው እንደወጡ ወዲያውኑ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ ቃላቱን በትክክል አይዝም። በድብቅ ድምፅ ወይም ቪዲዮ መቅረጽን ግን የአገሩን ሕግ ሳያጣሩ አልመክርም። በብዙ ቦታ በኢሚግሬሽንና በድንበር ቅጥር ውስጥ ስልክ ማውጣት ራሱ የተከለከለ ስለሆነ ተበዳዩ ተከሳሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚያምኑትን ሰው አብሮ ይዞ መሄድ ከቀረጻው ይልቅ ብዙ ይረዳል፤ ሁለት ሰው በቆመበት መስኮት «ከበድ ይላል» የሚለው ንግግር ያጥራል።

በድንበርና በአውሮፕላን ማረፊያ

በድንበር ያለው ጉዳይ የሚከብደው አውቶቡሱ ወይም አውሮፕላኑ ስለማይጠብቅ ነው። ሰበብ የሚሆኑትን ነገሮች አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የተለመደው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ አሥር ዓመት ያለፈውን ካርድ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሠራተኛ ብዙ ተጓዥ አጋጥሞታል። ሆኖም ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ተሻሽሎ ከሐምሌ 2016 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የቢጫ ወባ የክትባት ማስረጃ ከተከተቡ ከ10ኛው ቀን አንሥቶ ለዕድሜ ልክ የጸና ሆኗል፤ ማሻሻያው ከዚያ በፊት ለተሰጡ ካርዶችም ይሠራል። ይህን የሚገልጸውን የዓለም የጤና ድርጅት ገጽ አትሞ ከካርዱ ጋር ማጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የፓስፖርት ቀሪ ዕድሜ፣ ባዶ ገጽ፣ የመመለሻ ቲኬትና የመተላለፊያ ቪዛ ሌሎቹ ሰበቦች ናቸው። አየር መንገዶች የእነዚህን መስፈርቶች ልክ የሚያጣሩት ቲማቲክ ከሚባለው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የመረጃ ቋት ነው፤ ተጓዡ ቀድሞ አይቶ ውጤቱን ይዞ ቢሄድ ከመግቢያው ጠረጴዛ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ይቆማል።

ቀን ያሳለፈ ሰው ደግሞ በመቀጫውና በጉቦው መካከል ይያዛል። መቀጫው ሕጋዊ ነው፤ መጠኑም በሕግ የተወሰነ ነው። «ግማሹን ስጠኝና ማህተሙን ልምታልህ» የሚለው ቅናሽ ማራኪ ቢመስልም መቀጫው በሥርዓቱ ሳይመዘገብ የወጣ ሰው በሚቀጥለው ጉዞው ያልተዘጋ መዝገብ ሊጠብቀው ይችላል። መቀጫን ሙሉውን ከፍሎ ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር ማኖር በጊዜ ሂደት የሚረክሰው መንገድ ነው።

ፓስፖርት ወስዶ አለመመለስ ሌላው የማስገደጃ ዘዴ ነው። የስደተኛ ሠራተኞችንና የቤተሰቦቻቸውን መብት የሚጠብቀው በ1990 የወጣው ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን በአንቀጽ 21 በሕግ ሥልጣን ከተሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ በስተቀር ማንም የሰውን መታወቂያ፣ የመግቢያና የመኖሪያ ሰነድ ወይም የሥራ ፈቃድ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ሥልጣን ያለውም ቢሆን ሲወስድ ዝርዝር ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ኮንቬንሽኑን ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም «ፓስፖርቴን መረከብዎን በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት የትም ቢሆን ተገቢ ጥያቄ ነው። የታሰረ የውጭ አገር ሰው በ1963 በወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ኮንቬንሽን አንቀጽ 36 መሠረት ቆንስላው እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። ከራሱ መንግሥት የሸሸ ጥገኝነት ጠያቂ ግን ይህን መብት ከመጠቀሙ በፊት ከስደተኞች ኮሚሽን ወይም ከጠበቃ ጋር ሊመክር ይገባል።

ሰው በሌለበት ኬላ፣ በሌሊት፣ መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት የሚደረግ ጥያቄ ከሁሉ ይለያል። እዚያ ላይ መትረፍ ያለበት ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ ነው፤ ተገድዶ የሰጠውን ሰው መውቀስም ተገቢ አይደለም። የሚቀረው ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የሰውየውን መልክና የተወሰደውን መጠን በአእምሮ ይዞ ደኅና ቦታ ሲደርሱ መጻፍ ነው።

ስለ ሕጉ ማወቅ የሚገባው

የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ኮንቬንሽን በ2003 ጸድቆ ከታኅሣሥ 2005 ጀምሮ የጸና ሲሆን ከ180 በላይ አገሮች አባል ሆነውበታል። አንቀጽ 15 ለመንግሥት ሠራተኛ ጉቦ መስጠትን ብቻ ሳይሆን ቃል መግባትንና ማቅረብንም፣ በሠራተኛው በኩል ደግሞ መጠየቅንና መቀበልን ወንጀል እንዲያደርጉ አገሮችን ያስገድዳል። ስለዚህ «ትንሽ ናት» የሚለው በአብዛኛው አገር ሕግ መከላከያ አይሆንም። በአንዳንድ አገሮች ተገድዶ የሰጠ ወይም ሳይታወቅ ቀድሞ ራሱ የጠቆመ ሰው ከቅጣት ነጻ ይወጣል፤ ሁሉም ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የከፈለ ሰው አቤቱታ ከማስገባቱ በፊት የሕግ ምክር ይውሰድ።

ለድርጅት የሚሠሩና የባልደረቦቻቸውን የሥራ ፈቃድ የሚያስፈጽሙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ1977 የወጣው የአሜሪካ የውጭ አገር ሙስና ሕግ መደበኛ የመንግሥት ሥራን፣ ቪዛ ማዘጋጀትን ጨምሮ፣ ለማፋጠን የሚሰጥን ክፍያ ከጉቦ ክልከላው ውጭ አድርጎታል፤ የ2010 የብሪታንያ የጉቦ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ልዩ ሁኔታ የለውም። የአሜሪካው ልዩ ሁኔታም ቢሆን ክፍያው የሚፈጸምበትን አገር ሕግ አይሽርም። «የውጭ ድርጅቶች እንዲህ ይፈቀድላቸዋል» በሚል ወሬ የሚያስከፍል ሠራተኛና የሚከፍል ጸሐፊ ሁለቱም በቦታው ሕግ ይጠየቃሉ።

አቤቱታ መጻፍ

አቤቱታ የሚያሸንፈው በምሬቱ ሳይሆን በዝርዝሩ ነው። «ሠራተኞቻችሁ ሌቦች ናቸው» የሚል ደብዳቤ የሚመረመር ነገር ስለሌለው ይከማቻል። የሚከተለው ዓይነት አቀራረብ ግን መልስ ይጠይቃል፦

«በ… ቀን ከጠዋቱ በ… ሰዓት በመስኮት ቁጥር … የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻ ማመልከቻዬን በመዝገብ ቁጥር … አስገብቻለሁ። ያስተናገዱኝ ሠራተኛ ሰነዶቼ የተሟሉ መሆናቸውን ከተመለከቱ በኋላ ከታተመው ተመን በላይ … ገንዘብ በእጅ እንድሰጥ ጠይቀውኛል። ደረሰኝ ይሰጠኝ እንደሆነ ስጠይቅ ማመልከቻዬን ሳይቀበሉ መልሰውልኛል። የክፍያ ተመኑንና የሰነዶቼን ዝርዝር አባሪ አድርጌያለሁ። ማመልከቻዬ እንዲስተናገድልኝና የተሰጠው ውሳኔ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ይገባል፤ በቀጠሮው መልስ ካልተገኘ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ይቀርባል። በ1993 በበርሊን የተመሠረተው ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በብዙ አገሮች የሙስና ተጎጂዎችን በነጻና በምሥጢር የሚያማክሩ የሕግ ማዕከላት አሉት። በሕንድ በ2010 የተከፈተው «ጉቦ ከፈልኩ» የተባለ ድረ ገጽ ደግሞ ሰዎች ስማቸውን ሳይጠቅሱ የተጠየቁትን መጠንና ቢሮውን እንዲመዘግቡ አድርጓል፤ ጉቦ ያልጠየቀ ሐቀኛ ሠራተኛ ያጋጠማቸውም የሚጽፉበት ክፍል አለው። ይህኛው ክፍል ሊመሰገን ይገባዋል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት ዓለም ሳይበላ የሚያገለግል ሰው ስሙ ለአለቃው በጽሑፍ ቢደርስ በቦታው የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል።

የመጨረሻው ጥያቄ አቤቱታው መቼ ይግባ የሚለው ነው። የፀረ ሙስናው ኮንቬንሽን በአንቀጽ 33 ጠቋሚዎችን ከበቀል ስለመጠበቅ ቢናገርም ጥበቃው በየአገሩ እኩል አይሠራም። ማመልከቻው ተቀባይነት አጥቶ ከተመለሰ ወይም ቀኑ እየገፋ ከሆነ መጠበቅ ስለሚጎዳ አቤቱታው ወዲያውኑ ይግባ። ማመልከቻው ግን ገብቶ፣ የመቀበያ ማስረጃው በእጅ ካለና ውሳኔው በቅርብ የሚጠበቅ ከሆነ ማስታወሻውን አዘጋጅቶ፣ ፈቃዱን እስኪረከቡ ጠብቆ፣ በማግስቱ ማስገባት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ ለአቤቱታ የጊዜ ገደብ ካለው ግን ገደቡ እንዳያልፍ አስቀድሞ ይጣራ።